ነበልባሉ ቢጫ ነበር

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ መንግሥቴ፣ ካለህበት ከጅቡቲ ይድረስልኝ።

እንደምን ሰነበትህልኝ? እንደምን ከረምህ? ያ የወደብ ቃጠሎ እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው እግሬ እያበጠ አስቸግሮኛል ብለህ ነበር፤ ጎደለልህ ወይስ ያው ነው? ሳልህስ? እህል በወጉ ትበላለህ? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም እጄ እምቢ ስላለኝ «አለን» ብያለሁ። እናታችን ጉልበቷ እንደምታውቀው ነው፤ ምላሷ ግን እንኳን ሊደክም ስለት ጨምሯል። መሠረትና ልጆቻችንም ደኅና ናቸው። ስለዚህ ልብህ አይደንግጥ፤ ከእኛ ቤት የሞተ የለም። የሞተው ከባየህ ቤት ነው።

ይህን ነገር በስልክ ያልነገርሁህ ወድጄ አይደለም። ኔትወርኩ የሚገኘው ከቤታችን ኋላ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እሷ ላይ ቆሜ ስጮህ ደግሞ የሰፈሩ ጆሮ ሁሉ ከእኔ ጋር ይቆማል። ስለዚህ ወረቀቱን ለሹፌሩ ለአዛናው ሰጥቼዋለሁ፤ ጭነት ሊያነሳ ወደ አንተ ይወርዳል። ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ሰው ፊት አትክፈተው።

ክረምቱ ዘንድሮ እንደ ክፉ እንግዳ ገብቶ አልወጣም አለ። ርብም ጉማራም ሞልተው ሜዳው ሐይቅ ሆነ፤ ውሃ የማይጠግበው ሩዝ እንኳ ሰጠመ። ሰው ከብቱን ሁሉ ወደ ከፍታው አወጣ። የእኛ ቤት ያለው ከረባዳው ላይ ነው፤ ለቀጥቃጭ ደኅና መሬት ማን ሰጥቶት! አንድ ቀን ጠዋት ብነሳ ወናፌ እንደ ዳክዬ ቤት ውስጥ ይንሳፈፋል። እናታችን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ዓሣ ካገኘህ ለቁርስ አድርሰው» አለችኝ። ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና እንስቅ ነበር።

ያቺን ፈረንጆች እያደሩበት ከሚዞሩት መኪና ላይ ነቅለህ በአይሱዙ ያመጣሃትን ፍሪጅ መቼም አትረሳትም። ግንቦት ላይ ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወዲህ ቀበሌው መብራት አላየም፤ የጤና ኬላው ፍሪጅ ቁም ሳጥን ሆኗል። በጋዝ የምትሠራው ያንተዋ ብቻ ቀረች። የባየህ ልጅ እየሩስ ደግሞ ስኳር አለባት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋትና ማታ በመርፌ የምትወስደው ኢንሱሊን ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ያንን ብልቃጥ ሦስት ወር ሙሉ ያኖርንላት እኛ ነን። ባየህ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይቀዳና ይመልሰው ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ሁልጊዜም ሰላምታው ሙሉ ነው።

እናቱን እማማ አልጣሽን ታውቃቸዋለህ። ልጅቷን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። በእሳት የሚያቀዘቅዝ ዕቃ መኖሩን ሲሰሙ አማተቡና «ይኼ የጠይብ ሥራ እንጂ የሰው ሥራ ነው?» አሉ። ጠይብ ሰው አይደለማ! ከእኛ ቤት የወጣ ብልቃጥ ጠበል ሳይረጭበት ደጃቸውን አያልፍም ነበር። እኔ ምን ተዳዬ አልሁ። ለምደነዋል፤ ማረሻቸውን እኛ እንሠራለን፣ ዓይናችንን እነሱ ይፈራሉ።

ውሃው በመጣ በሦስተኛው ቀን ፍሪጇ ማቀዝቀዝ ተወች። እሳቱ ይነዳል፣ ውስጧ ግን ለብ ብሏል። ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀበርሁና ያስተማርኸኝን አንድ በአንድ አስታወስሁ። መጀመሪያ በርና መስኮቱን ከፍቼ አሸተትሁ፤ ዓይን የሚያቃጥለው የአሞኒያ ሽታ የለም። ከኋላዋ ባሉት ቧንቧዎች ላይ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ፈለግሁ፤ የለም። ይህ ከታየ አጥፍተህ ከቤት ውጣ፣ በብየዳም በመዶሻም አትጠጋት፣ ታሽጋ የምትኖር ናት ብለኸኝ ነበር። በጋዙ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ አረፋው አልተነፋም። ከዚያ ሳህን ውሃ ሞልቼ ውስጧ ሳስቀምጥ ውሃው በአንድ ጎን ፈሰሰ። ለካ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ አብጦ አዘንብሏታል! ሞተር የሌላት ነገር፣ ፈሳሿ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ካልተመለሰ በምን ትሠራለች። ከሥሯ የወይራ ሽብልቅ አስገብቼ አቃናኋት፤ ማንደጃውን ጠርጌ ለኮስሁ። ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ። በማግስቱ ብልቃጡን ስመልሰው ውስጧ እጅ ያደነዝዛል። ደረቴ ተነፋ፤ ዋሽቼ ምን ላድርግ።

ውሃው ግን ገና ነበር። ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ጉልበት ደረሰ። ያኔ ባየህ አራት ጎረምሳ አስከትሎ መጣና «የእኔ ቤት ከፍታ ላይ ነው፤ ወደዚያ እንውሰዳት» አለ። ይዘውት የመጡት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቃሬዛ! «ቁማ ነው መሄድ ያለባት፣ አታስተኟት!» ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ። ይህ አገር ከባድ ነገርን የሚያውቀው እንደ በሽተኛ አስተኝቶ ነው። በጀርባዋ አስተኝተው፣ በጨርቅ አስረው፣ በጭቃው ላይ እያንገጫገጩ ወሰዷት። ስንደርስ ቀጥ አድርጌ አቆምኋትና ፈሳሿ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን አትለኮስም አልሁ። በዚህስ እሺ አሉኝ።

አንተ በእኛ ቤት ስታቆማት ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ቀደህ ጭሷን ወደ ውጭ ሰደድኸው። እኔም እዚያ እንደዚሁ ላደርግ ዲጂኖዬን ሳነሳ እማማ አልጣሽ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የጠይብ ብረት ቤታቸውን አይበሳም። እንግዲያው ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥቼ አቆምኋት። ልጅቷን ከመጋረጃ ኋላ አስቀምጠው፣ በላይዋ ላይ ነጠላ ደርበውባታል፤ ዓይኔ እንዳያርፍባት ነው። ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒቷን እንደ እንቁላል የያዝሁት ሰውዬ! ነገሩ ሆዴን አቃጠለኝ፤ አልዋሽህም፣ ያን ዕለት አቃጠለኝ።

እንግዲህ አሁን ለማንም ያልተናገርሁትን ልነግርህ ነው።

ስለኩሳት ነበልባሉ ቢጫ ነበር። ሁለመናው አይደለም፤ ጫፉ። ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በመንገዱ ስትንገጫገጭ ከጭስ ቧንቧዋ ውስጥ ዝገትና ጥላሸት ረግፎ ማንደጃው ላይ ወድቋል። አንተ ነህ «ከተንቀሳቀሰች በኋላ ሳትጠርግ አትመናት፤ ቢጫ እሳት የሚታፈን እሳት ነው፣ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል» ያልኸኝ። ደግሞስ ለእኔ ይነገረኛል እንዴ? የከሰል ልጅ ነኝ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ምን እንደሚሠራ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። ማንደጃውን ፈትቶ በለስላሳ ብሩሽ ለመጥረግ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚበቃኝ። «ትንሽ ታገሡኝ» አልሁ። እማማ አልጣሽ ግን «በራ አይደል እንዴ፣ ምን ቀረህ? የልጅቷ መርፌ ደርሷል፤ አንተ እያለህ አትወጋም፤ ውጣልን» አሉ።

ወጣሁ። ደጅ ላይ ለባየህ «መስኮቱን እንዳትዘጉ፣ ፍሪጇን እንዳትሸፍኑ» አልሁት። ይህን ብያለሁ። ስለ ቢጫው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። «ነገ መጥቼ አያታለሁ» ብዬ ሄድሁ። በነጋታው አልሄድሁም። ለምን ብትለኝ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ቤቴ ውሃ ውስጥ ሆኖ ምን ሥራ አለኝ። «እነሱ መጥተው ይለምኑኝ» ብዬ ነው። በሁለተኛውም ቀን አልሄድሁም። እልህ ያዘኝ፣ ወንድሜ። የእኛ ቤት ያልለመደው እልህ።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ጠዋት ከከፍታው ጩኸት ሰማን። ባየህ እነዚያን ሦስት ሌሊቶች ያደረው ከከብቱ ጋር ነበር፤ ጎርፉ ያባነናቸው ከብቶች ያለ ሰው አይተኙም። ጠዋት ወተት ይዞ ሲመጣ በሩ አይከፈትም። ሰብሮ ሲገባ እናቱ ከፍሪጇ ሥር መደብ ላይ፣ ልጅቷ ደግሞ በሩ ሥር ተጋድማለች። መስኮቱ በአሮጌ ቡልኮ ተደፍኗል። ፍሪጇ ከላይ እስከ ታች በጋቢ ተሸፍናለች። የጠይብ ዓይን ያረፈበት ነገር ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይቆያል፣ ዓይኑ እስኪለቅ። እማማ አልጣሽ ይህን ከእናታቸው ተምረው ነው። የልጅ ልጃቸውን ከእኔ ሊያድኗት ነው ያንን ሁሉ የሸፈኑት። ራሳቸውም ከልጅቷና ከፍሪጇ መካከል የተኙት፣ ከእሷ የሚመጣ ክፉ ነገር ካለ መጀመሪያ እሳቸውን እንዲያገኝ ብለው ነው። አገኛቸውም።

እየሩስ በር ሥር መተኛቷ አተረፋት፤ በታች በኩል ነፋስ ይገባል። ፍሪጇን በተሸከሙበት በዚያው ቃሬዛ ወረታ ሐኪም ቤት አደረሷት፣ ኦክስጅን ሰጧት፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ሐኪሙም የጭስ መርዝ ነው ብሎ አረጋገጠ። የባየህ ወንድም ቢተው ግን ሐኪም መች ሰምቶ። ለቀብር ስንደርስ በዱላ ጠቆመኝና «በልቷት ሊቀብራት መጣ!» አለ። መሠረት እጅጌዬን ይዛ ትጎትተኛለች፣ እናታችን ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ዝም ብላ ቆማለች። እንዲያ ያለች ሴት ዝም ስትል አይተህ ታውቃለህ?

ያኔ ባየህ ተነሳ። አፈር በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ጠቁሞ «ሰውመሆን መስኮት አትዝጉ፣ አትሸፍኑ ብሎኛል። ለእናቴ ደግሜ ሳልነግራት ከብቴን ብዬ የሄድሁ እኔ ነኝ። የእሱ እጅ ንጹሕ ነው፤ የገደልኋት እኔ ነኝ» አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ቢተውም ዱላውን አወረደ። እኔ ምን አልሁ? ምንም። ራሴን አቀርቅሬ አለቀስሁ፤ ሰውም የኀዘን እንባ መስሎት አጽናናኝ።

ከሰልስቱ በኋላ ቢተው ፍሪጇን ወደ ደጅ ጥሏት ስለነበር ሄጄ አመጣኋት፤ በዚህ ጊዜ ቁማ ነው የመጣችው፣ እኔው በጀርባዬ ተሸክሜያት። ውሃውም ጎድሎ ስለነበር ወደ ቦታዋ መለስኋት። ማንደጃውን ስፈታው አንዲት የዝገት ቅርፊት በቀዳዳዎቹ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ከትንሿ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ጠረግሁ፣ ቧንቧውንም ከላይ እስከ ታች ጠረግሁ፣ የጋዙን ቀጭን መውጫ እንዳልኸኝ በሽቦም በወስፌም ሳልነካ በአልኮል አጠብሁት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ቅርፊቷን ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ።

መስከረም ሲጠባ ባየህ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። የልጅቷ መድኃኒት እስከዚያ በአሸዋው ማሰሮ ነበር፤ ፀሐዩ ሲበረታ ግን አልቻለም፣ ስኳሯ መውጣት ጀምሯል። «ሰውመሆን፣ ለኩስልኝ። በአንተ ቤት ትሁን» አለኝ። እሺ አልሁት። ከዚያ ወዲህ እየሩስ ራሷ ናት የምትመጣው፤ አሁን ማንም ነጠላ አይደርብባትም። ጎንበስ ብላ በማንደጃው ቀዳዳ ነበልባሉን ሳታይ ብልቃጧን አታነሳም። ሁሉንም አስተምሬያታለሁ፤ የሳህኑን ውሃ፣ የሳሙናውን አረፋ፣ የሽታውን ነገር፣ መስኮቱን። ባየህንም እንዲሁ ማንደጃ አስፈትቼ አስጠርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ይገባሃል? እኔን ቤታቸው ማየት የሚጠሉበት ቀን ቢመጣ ፍሪጇን ወስደው ያለ እኔ እንዲያኖሯት ነው። እሷ ለልጅቷ ናት፤ ቅር አይበልህ።

ባየህ እየሞተ ነው፣ ጋሼ። በቁሙ። እህል አይቀምስም፤ ሌሊት ሌሊት የእናቱን መቃብር ሄዶ ይቅርታ ይለምናል ይላሉ። የተሸከመው ሸክም እኮ እኩሌታው የእኔ ነው። «እኔ ነኝ የገደልኋት» ሲል በሰማሁ ቁጥር የእኔን ቃል ከአፌ ወስዶ የሚናገር ይመስለኛል። ብነግረው ምን እንደሚከተል አላውቅም። ቢተው አለ፣ ዱላው አለ፣ «ድሮም ብለናል» የሚል አገር ሙሉ ሰው አለ። እኔ ብቻ ብሆን በወደድሁ፤ ልጆቼም የጠይብ ልጆች ናቸው።

ትናንት ጠዋት እየሩስ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ አየችና «ሰማያዊ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ቢጫ ሆኖ አይቼው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አንድ ቀን አይቼው አውቃለሁ አልኋት። «ያን ጊዜ ምን አደረግህ?» አለች። «ምንም» አልኋት። ብልቃጧን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

የእማማ አልጣሽ አርባ ጥቅምት ሁለት ነው። ባየህ ለተዝካሩ ጠርቶናል። ደጅ አይደለም፤ ዳሱ ውስጥ፣ ከሰው እኩል፣ ከአንድ መሶብ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ማረሻ ሠርቶላቸው ያላገኘውን ነገር እኔ በዚህ አገኘሁት። እንጀራውን አልቆርስም። ነገ ጠዋት ልጅቷ ብልቃጧን ወስዳ ስትሄድ ተከትያት ሄጄ ለባየህ እነግረዋለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስህ ነገሩ አልቋል። ምከረኝ ብዬ አልጻፍሁልህም፤ ምክርህን ድሮ ሰጥተኸኝ ነበር፣ ቢጫ ሲሆን አትመናት ብለህ። የጻፍሁልህ አንድ ሰው እንኳ ከእኔ አፍ አስቀድሞ እንዲሰማው ብዬ ነው። ክፉ ወሬ ከደረሰህ እናታችንንና ልጆቹን አደራ።

መሠረት በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ይህን እንደማደርግ ታውቃለች፣ አልከለከለችኝም። ልጆቹ እጅህን ይስማሉ፤ ትንሹ ከጅቡቲ ኳስ እንድትልክለት አደራ ብሏል። እየሩስ ፍሪጇን ያመጣት ሰው ወንድሜ መሆኑን ነግሬያት እግዜር ይስጥልን በልልኝ ብላኛለች። እናታችን ጉንጭህን ትስማለች። እሷ ምንም አታውቅም። ከባየህ ዳስ ከተጠራን ወዲህ ፊቷ በርቷል፤ ዛሬ ያንን ለሠርግህ የገዛህላትን ነጭ ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታዋለች። እየጻፍሁልህ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

ወንድምህ ሰውመሆን
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
መስከረም ፳፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.